ከፋብሪካ እንደወጣ የኤሌክትሪክ ሴዳን ይዞ ትራክ መግባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው አንድ ቀን ይህ ሀሳብ ሳይመጣበት አይቀርም። ያ ሁሉ ጉልበት የት ነው በደንብ የሚታየው? ለመኪና መሮጫ የተሠራ የተዘጋ ትራክ ላይ ነው። የትራክ ቀን ውድድር አይደለም። የራስን መኪና ይዞ፣ በየተራ እየገቡ፣ ብዙውን ጊዜ ለ20 ደቂቃ የሚነዳበት ቀን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገቡ የተዘጋጁ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

መኪናዬን ምንም ሳልነካካው መግባት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። «ምንም» ከሚለው ግን ሁለት ነገር አውጡልኝ፤ የፍሬን ዘይትና የፍሬን ሸራ። ሞላውም፣ ቸርኬውም፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ።

ከፋብሪካ የወጡ የኤሌክትሪክ ሴዳኖች ምን እንደሚችሉ ጀርመን ያለው የኑርበርግሪንግ ኖርድሽላይፈ ትራክ አሳይቷል። አንዱ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌይድ በ2021 እ.ኤ.አ. በ7 ደቂቃ ከ35.6 ሰከንድ ዞረው። በ2023 ያው መኪና ለትራክ ተብሎ በሚሸጠው ጥቅል ተመልሶ መጣና ሰዓቱን ወደ 7 ደቂቃ ከ25.2 ሰከንድ አወረደው። የጥቅሉ ዋና ነገሮች የካርቦን ሴራሚክ ፍሬንና ጎማ ናቸው። በዚያው ዓመት ፖርሽ ታይካን ቱርቦ ጂቲ፣ ገና ለገበያ ሳይቀርብ፣ 7 ደቂቃ ከ7.55 ሰከንድ ላይ ደረሰ።

እነዚህ ሁሉ የአንድ ዙር ሰዓቶች ናቸው። እናንተ የምትገቡት ለ20 ደቂቃ ነው፤ ትወጣላችሁ፣ እንደገና ትገባላችሁ። ስለዚህ የእናንተ መኪና ዋና ፈተናው ሙቀት ነው። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመለሳል።

ሁሉም ሰው ስለ ፍሬን የሚያወራው ለምንድን ነው?

ክብደት ነው ምክንያቱ። ቴስላ ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ ወደ 1,850 ኪሎ ይመዝናል፤ በኤሌክትሪክ ሴዳኖች መካከል ግን ከቀላሎቹ አንዱ ነው። ሹፌር ሲገባበት 1,950 በሉት። ይህ መኪና ረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረ መጥቶ ለኩርባው ወደ 80 መውረድ አለበት እንበል። ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት 2.5 ሜጋጁል ገደማ ነው። ይህ 7.5 ሊትር ገደማ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ የሚፈልገው ሙቀት ነው። የሚለቀቀው ደግሞ ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። በየዙሩ እንዲህ ያለ ኩርባ ሦስት አራት ጊዜ ካለ፣ ዲስኮቹ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኙም።

በሞተሩ ጉልበት ምክንያትም ጉዳዩ ይብሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ከኩርባ ሲወጣ ወዲያው ይፈተለካል። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ኩርባ የሚደርሰው ያንኑ ያህል ከሚመዝን ደካማ መኪና በበለጠ ፍጥነት ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት በእግሬ ነው። ሁለተኛው ተራዬ ነበር፤ መኪናው በጣም ደስ እያለኝ ነበር። ቀጥታው መጨረሻ ላይ ፍሬን ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ከለመድኩት ቦታ አልፎ ወረደ። ስፖንጅ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። መኪናው ቆመልኝ፤ ግን ዘግይቶ ነው። ኩርባውን ሳልይዝ ወጣ ባለው የአስፋልት ክፍል ላይ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነበር።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እግራችሁ የሚገፋው አረፋውን እንጂ ሸራውን አይሆንም። ለትራክ የሚሠሩ ዘይቶች አዲስ ሲሆኑ ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ። ከሁሉም ወጪ ትንሹ፣ ጥቅሙ ግን ትልቁ ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ዶት 5» የሚል የሲሊኮን ዘይት አታስገቡ፤ ከሌላው ጋር አይዋሃድም። «ዶት 5.1» ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከዶት 4 ቤተሰብ ነው።

ሸራውም እንዲሁ። የፋብሪካው ሸራ ለከተማ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጸጥ ይላል፣ በብርድም ይይዛል። በጣም ሲሞቅ ግን መያዝ ያቆማል። ያኔ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አይቆምም። የትራክ ሸራ ይጮህ ይሆናል፣ አቧራም ያበዛል። እኔ ብሆን ጩኸቱን እመርጣለሁ።

ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚያዘገይ ፍሬኑ ይተርፍ የለም እንዴ?

ሪጄን ማለታችሁ ነው፤ ሞተሩ እንደ ዳይናሞ ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ሲመልስ። ያግዛል። ግን ሂሳቡን እንየው። ያ 1,950 ኪሎ መኪና 200 ላይ ሆኖ ጎማው እስከቻለው ድረስ ፍሬን ሲረገጥ፣ በዚያች ቅጽበት የሚጠፋው ኃይል ወደ 1,000 ኪሎዋት ይጠጋል። በ2024 የታደሰው ታይካን በዚህ ረገድ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚመልሰው ቢበዛ 400 ኪሎዋት ነው። የቀረው በሙሉ ወደ ዲስክ ይሄዳል። የብዙዎቹ መኪኖች ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ጉልበት መቀበል አይችልም። በጣም ከሞቀም መኪናው ሪጄኑን ይቀንሰዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር የለመዳችሁት የመዘግየት ስሜት በአምስተኛው ዙር ላይኖር ይችላል። ፍሬን የምትረግጡበትን ቦታ በሪጄን ላይ ተማምናችሁ አታስሉ።

ደግሞ ያልታሰበ ጣጣ አለው። ከተማ ውስጥ ሪጄን ሥራውን ስለሚሠራ ሸራው ዓመታት ይቆያል። ሸራው ስላላለቀ ሰው ፍሬኑን ይረሳዋል፤ ዘይቱ ግን ዝም ብሎ ያረጃል። ዲስኩም ይዝጋል። ያልተነካካ ንጹሕ የሚመስል የኤሌክትሪክ መኪና ትራክ ላይ ፍሬን የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኃይሉ መሀል ላይ ለምን ይቀንሳል? ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም፤ ራሱን እየጠበቀ ነው። በሽቦና በባትሪ ሴል ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከኤሌክትሪክ ፍሰቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው የምትረግጡት ለሦስት ሰከንድ ነው። ትራክ ላይ ከዙሩ ግማሽ ያህሉን እንደረገጣችሁ ልትነዱ ትችላላችሁ።

ባትሪው እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳል። ያንኑ ኃይል ለመስጠት የበለጠ ፍሰት ያስፈልጋል፤ ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ቻርጁ 80 በመቶ ላይ ያለ መኪናና 30 በመቶ ላይ ያለ መኪና አንድ አይደሉም። ማግኔት ያላቸው ሞተሮችም ከመጠን በላይ ከሞቁ ማግኔታቸው ይዳከማል፤ ሶፍትዌሩ እዚያ እንዳይደርሱ አስቀድሞ ይቆርጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሦስት ዙር በሙሉ አቅም ነድታችሁ አንዱን ዙር ቀስ በሉ። ለሰውም ጥሩ ነው፤ እጅ መሪውን ጨምቆ መያዙን የሚተወው ያኔ ነው።

ስንት በመቶ ቻርጅ ይዤ ልግባ?

90 አካባቢ። 100 ከሆነ ሪጄኑ ይጠፋል። ከ20 በታች ደግሞ አታውርዱት። ኃይሉ ይቀንሳል፣ ወደ ቤት የሚወስዳችሁም ያስፈልጋል።

ቻርጅ ይበቃኛል? ትራኩ ላይ ቻርጀር ከሌለስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መንገድ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ መኪና ትራክ ላይ የዚያን ሦስት አራት እጥፍ ይበላል። በ100 ኪሎ ሜትር 60 ብለን እናስላ። በ20 ደቂቃ ተራ 40 ኪሎ ሜትር ብትነዱ 24 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። 75 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ አንድ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

አሁን ቻርጀሩን አስቡ። በ11 ኪሎዋት የሚሞላ የግድግዳ ቻርጀር ካገኛችሁ ያንን 24 ለመመለስ ከ2 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሚቀጥለው ተራችሁ ግን ከ40 ደቂቃ በኋላ ሊሆን ይችላል። ተራ ሶኬት ከሆነማ ተስፋ የለውም።

ስለዚህ ቀኑን ከቻርጀሩ ተነስታችሁ አቅዱ። በመጀመሪያ ቅርቡ ፈጣን ቻርጀር የት እንዳለ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ እወቁ። ጠዋት እዚያ 90 አድርሱትና ግቡ። ሁለት ተራ ንዱ፤ ወደ 26 ይወርዳል። የምሳ ሰዓት ላይ ውጡና ሙሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሁለት ተራ አላችሁ። አራት ተራ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ሦስተኛው ላይ ሐሳብ መበታተን ይጀምራል፤ ስህተት የሚበዛውም ያኔ ነው።

ከትራክ ወጥታችሁ ወዲያው ቻርጅ ላይ ብትሰኩት መኪናው መጀመሪያ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፍጥነቱም ዝቅ ይላል። ወደ ቻርጀሩ የምትነዱበት መንገድ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው፤ በዝግታ ሂዱ። ቀጭን የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ግን በፍጹም አትጠቀሙ። ለሰዓታት ከፍተኛ ፍሰት ሲያልፍበት ይቀልጣል።

ጎማውስ?

የፋብሪካው ጎማ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል፤ ግን ተዘጋጁ፣ ያልቃል። ከባድ መኪና ኩርባ ላይ ክብደቱን በሙሉ በውጭው ትከሻ ላይ ይጥላል። የመንገድ መኪና ጎማው ወደ ውስጥ ብዙ ስለማያዘነብል የሚበላው ያ ትከሻ ነው። የጎማው መሀል አዲስ ሆኖ ጠርዙ ተላጭቶ ታገኙታላችሁ።

ንፋሱን ከየተራው በኋላ፣ ጎማው ትኩስ እንዳለ ለኩት። ሙቀት ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ብርድ ላይ ትክክል የነበረው ትኩስ ሲሆን ከመጠን ያልፋል፤ ጎማው ያብጥና የሚነካው አስፋልት ያንሳል። ከተራ በኋላ ትንሽ ቀንሱ፤ ማታ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ መልሱት። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ የለሰለሰ ጎማ ይዞ ረጅም መንገድ መሄድ አደገኛ ነው።

የቸርኬውን ዳዶዎች ጠዋት በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። ለሞዴል 3 ልኩ 175 ኒውተን ሜትር ነው፤ ለእናንተ መኪና መመሪያውን እዩ። ከመጀመሪያው ተራ በኋላ ቀዝቀዝ ሲል እንደገና ፈትሹ።

ትራክ ሞድ የሚባለው ምን ያደርጋል? ጀማሪ ሆኜ ልጠቀመው?

እንደ መኪናው ይለያያል። ቴስላ በ2018 እ.ኤ.አ. ለሞዴል 3 ፐርፎርማንስ ሲያወጣው ሁለት ነገር ያደርግ ነበር። ማቀዝቀዣውን አስቀድሞ ያስነሳል፤ የኋላና የፊት ሞተሮቹን ደግሞ መኪናው ኩርባ ላይ ቶሎ እንዲታጠፍ አድርጎ ያዛል። በኋላ ሹፌሩ ራሱ የፊትና የኋላውን ሚዛን፣ የመረጋጊያውን (መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረውን ሥርዓት) መጠንና ሪጄኑን እንዲመርጥ ተደረገ።

የማቀዝቀዣው ነገር ለማንም ይጠቅማል። መረጋጊያውን ግን አታጥፉት። መጀመሪያ መስመሩን፣ ማለትም መኪናው ኩርባዎቹን የሚያልፍበትን መንገድ ተማሩ። መረጋጊያው የት የት ጣልቃ እንደሚገባ ልብ በሉ፤ እጃችሁ ወይም እግራችሁ ሸካራ የሆነበትን ቦታ ነው የሚነግራችሁ። እሱን የመሰለ አስተማሪ ነፃ አይገኝም።

አነዳዱ ከቤንዚን መኪና በምን ይለያል?

በሁለት ነገር። አንደኛው ድምፅ ነው። የሞተር ጩኸት ስለሌለ ፍጥነታችሁን በጆሮ አታውቁትም። ኩርባው ላይ ከመሰላችሁ 20 ኪሎ ሜትር በልጣችሁ ትደርሳላችሁ። በምትኩ ጎማውን አዳምጡ። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ማጉረምረም አለ፤ ገደቡ ላይ ሲደርስ ወደ ጥርት ያለ ፉጨት ይለወጣል፤ ሲያልፍ ይንሰቀሰቃል። በቤንዚን መኪና ይህ ሁሉ በሞተሩ ድምፅ ይሸፈናል። እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ትራክ ላይ የምወድበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው እግርን ማንሳት ነው። ሪጄኑ ጠንካራ ከሆነ ፔዳሉን በድንገት መልቀቅ ፍሬን እንደመርገጥ ነው። ኩርባ መሀል ፈርታችሁ እግራችሁን ብታነሱ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፤ የመኪናው ኋላ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሲለቁም ሲረግጡም እንደ መሪው በቀስታ ነው። መኪናው የሚፈቅድ ከሆነ ለመጀመሪያው ቀን ሪጄኑን ቀንሱት። አንድ ፔዳል ለመንዳት፣ አንድ ፔዳል ለማቆም፤ አእምሮ ይቀለዋል።

ሌሎቹ ነጂዎች የኤሌክትሪክ መኪና አይወዱም ይባላል። እውነት ነው?

አለመውደዱ ከመኪናው ሳይሆን ከአንድ ልማድ የመጣ ነው። ቀላል መኪና የያዘ ጎበዝ ነጂ ኩርባው ላይ ይደርስባችኋል፤ ከኋላችሁ ይለጠፋል። ቀጥታው ላይ እናንተ ፔዳል ትረግጡና ትሰወራላችሁ። ቀጣዩ ኩርባ ላይ እንደገና ያው። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ጀርባችሁን ሲያይ ይውላል። በመስታወት ካያችሁት ቀጥታው ላይ በእጅ ምልክት ስጡትና እግራችሁን አንሱ። ምልክት ብቻ አይበቃም፤ ካላነሳችሁ ሊያልፋችሁ አይችልም። አሳልፋችሁ ከኋላው ብትከተሉት ደግሞ መስመሩን በነፃ ትማራላችሁ።

ሁሉም ትራክ ያስገባኛል? እሳት ቢነሳስ?

አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ መኪና አይቀበሉም። ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ የሊቲየም ባትሪ እሳት አንዴ ከተነሳ ለማጥፋት ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል።

ባትሪው ከወለሉ በታች ነው ያለው። ከትራክ ወጥታችሁ ድንጋይ ወይም ከፍ ያለ ጠርዝ ሆዱን ከመታው፣ ምንም ባይታይም ተራውን አቁሙና አስፈትሹ። የማቃጠል ሽታ፣ ጭስ ወይም ከሥር የሚሰማ የመንጣጣት ድምፅ ካለ ከመኪናው ራቁ፤ ዕቃ ለማውጣት አትመለሱ። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከፍተኛ ቮልቴጅ ናቸው፤ የተቀደዱ ካያችሁ አትንኩ።

መጎተቻው ቀለበት የት እንደተቀመጠና የት እንደሚታሰር ጠዋት ላይ እወቁ። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎማቸው እየተሽከረከረ መጎተት የለባቸውም፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩም ይዞራል፣ ኤሌክትሪክም ያመነጫል። በጠፍጣፋ ጭነት መኪና ነው የሚነሱት። ይህን ለአዘጋጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ኢንሹራንስና ዋስትና?

ተራ የመኪና ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ትራክ ላይ የደረሰን አደጋ አይከፍልም። ውሉን አንብቡ፤ ለአንድ ቀን የሚሸጥ ሽፋን ካለ ግዙ። የፋብሪካው ዋስትናም እንደ አምራቹና እንደ አገሩ ይለያያል። በቃል የተነገራችሁን ሳይሆን በጽሑፍ ያለውን ያዙ። መኪናው የምትነዱበትን መረጃ እንደሚመዘግብም አስታውሱ።

ተራዬን ጨርሼ ስወጣ ምን ላድርግ?

የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳትረግጡ፣ በዝግታ ዙሩ። ይህ ለኤሌክትሪክ መኪና የበለጠ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ ማርሹን ፓርክ ላይ ስታደርጉት የእጅ ፍሬኑን በራሳቸው ይይዛሉ፤ ዲስኩ እንደጋለ ሸራው ከተጫነው ሙቀቱ አንድ ቦታ ይታመቃል፣ የሸራው ቁስም ዲስኩ ላይ ይለጠፋል። በሚቀጥለው ተራ ፔዳሉ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማችሁ ከዚያ ነው።

ቆማችሁም መኪናውን አታጥፉት። ማራገቢያው ይጮሃል፤ ይጩህ፣ ባትሪውን እያቀዘቀዘ ነው። በመስኮት በኩል ሄልሜታችሁን አስቀምጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ መኪናውን ዙሩት። የጎማውን ትከሻ በእጃችሁ ዳስሱ። በቸርኬው ቀዳዳ ሸራው ምን ያህል እንደቀረ እዩ። ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ከአየር ማቀዝቀዣው (ኤሲ) የሚንጠባጠብ ውሃ ከሆነ ንጹሕና ሽታ የሌለው ነው፤ ቀለም ካለው ወይም ከተጣበቀ ሌላ ነገር ነው፣ ያን ቀን አትግቡ። መጨረሻ ላይ፣ ዲስኩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ፍሬኑን አንዴ ረግጣችሁ ያዙት። ፔዳሉ ጠዋት ከነበረበት ቁመት ላይ ቆመ? ከቆመ ለቀጣዩ ተራ ተዘጋጁ።